የሚቆለፍ ፔዳል የሚገዛ መለዋወጫውን አስቀድሞ ያስላ

ብስክሌት ገዢ ብዙውን ጊዜ ዐይኑን የሚጥለው በማርሹ፣ በፍሬኑና በጎማው ላይ ነው። ፔዳልና ጫማ የሚታሰቡት መጨረሻ ላይ፣ ኪስ ከሳሳ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ባለቤቱን ደጋግሞ ወጪ የሚያስወጣው፣ ምርጫው ከተሳሳተም መሐል መንገድ ላይ የሚያስቀረው ይኸው ትንሽ ዕቃ ነው። በተለይ ጫማን ከፔዳል ጋር አያይዞ የሚቆልፈው ዓይነት አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚረሳ ሳይሆን፣ ገዢውን ከአንድ አምራች መለዋወጫ ጋር ለዓመታት የሚያስተሳስር ዕቃ ነው።

ጉዳዩ ለነጋዴም ሆነ ለገንዘብ አውጪ እንግዳ መሆኑ እያበቃ ነው። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ተካሂዷል። በኬንያ ደግሞ በማሳይ ማራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በተዘጋጀው የፒስታ መንገድ ውድድር ከውጭ የመጡ ተወዳዳሪዎች ከምሥራቅ አፍሪካ ጋላቢዎች ጋር ተሰልፈዋል። በውጭው ገበያ «ግራቭል» የሚባለው፣ ሰፋ ባለ ጎማ በጠጠርና በአፈር መንገድ ላይ የሚነዳው ብስክሌት የራሱን ገበያ ፈጥሯል። የዓለም ብስክሌት ኅብረትም ለዚሁ ዘርፍ የዓለም ሻምፒዮና ማዘጋጀት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 በጣሊያን ነው።

በዚህ ዓይነቱ መንገድ ኢትዮጵያ አትታማም። ዕቃውን ለመመዘን ደግሞ ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የተሻለ ሚዛን አይገኝም። ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱ አድርጎ ወደ ቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ወደ መካነ ሰላም የሚያመራ ጋላቢ ብርዳማውን ደጋ ያቋርጣል። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደወይን ቢቀጥል ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ ወደ ጎጃም ሽቅብ ይወጣል። ወደ አጅባር አቅጣጫ ቢያቀና ቀድሞ የደንቆሮ ጫካ በሚል የሚታወቀውንና ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አካል የሆነውን፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚገኙበትን ደጋ ያገኛል። ወደ ወግዲና ወደ ከላላ የሚወጡ የገጠር መንገዶችም አሉ። በእነዚህ መንገዶች ላይ ኮረኮንቹ፣ ዳገቱና ጭቃው ጋላቢውን ከብስክሌቱ እያስወረዱ በእግሩ ያስኬዱታል። ለፔዳልና ለጫማ ምርጫ መነሻ የሚሆነውም ይህ ነው።

ስሙና ሥራው

የሚቆለፈው ፔዳል በእንግሊዝኛው አጠራር «ክሊፕለስ» ይባላል። ትርጉሙ «ክሊፕ የሌለው» ማለት ሲሆን፣ ስሙ ብዙ ሰው ያምታታል። ቀድሞ የጋላቢው እግር ከፔዳሉ ላይ እንዳይንሸራተት በብረት ቅንፍና በጠፍር ይታሰር ነበር። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ብስክሌተኞችን ባሰለፈችበት እ.ኤ.አ. የ1956ቱ የሜልቦርን ውድድር ዘመን የሚታወቀው ይኸው ነበር። የበረዶ መንሸራተቻ ማሰሪያ ይሠራ የነበረው የፈረንሳዩ ሉክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ቅንፉን አስቀርቶ ጫማን ከፔዳል ጋር በሞላ የሚቆልፍ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። በማግስቱ ዓመት በርናር ኢኖ በዚሁ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ አሮጌው ጠፍር ገበያውን እያጣ ሄደ። ስሙ እንግዲህ የጠፋውን ቅንፍ እንጂ የመቆለፍን አለመኖር አያመለክትም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በጫማው ሶል ሥር «ክሊት» የሚባል ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ በብሎን ይታሰራል። ጋላቢው በፔዳሉ ላይ ሲረግጥ ሞላው ክሊቱን ነክሶ ይይዛል። ለመላቀቅ ተረከዝን ወደ ውጭ ማዞር ይበቃል። ጥቅሙም እግር በኮረኮንች ላይ ከፔዳል አለመዝለሉና ለረጅም ዳገት ጉልበት በአንድ ቦታ ላይ ማረፉ ነው።

ሁለት ብሎን ወይስ ሦስት?

በገበያው ውስጥ ሁለት ትላልቅ ወገኖች አሉ። አንደኛው በሦስት ብሎን የሚታሰር፣ ሰፊ የፕላስቲክ ክሊት ያለው የአስፋልት ፔዳል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ጋር ተሰልፎ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ የመቀሌው ፅጋቡ ግርማይ የሚገኝበት የአስፋልት ውድድር ዓለም የሚሠራው በዚህ ነው። እግር ከመነሻ እስከ መድረሻ ከፔዳል ለማይወርድበት ውድድር ይህ ዓይነቱ የተመቸ ነው። ነገር ግን ክሊቱ ከሶሉ ወጣ ብሎ ስለሚቆም በድንጋይ ላይ ያንሸራትታል፣ ፕላስቲኩም በእግር ጉዞ ቶሎ ይበላል። ለመካነ ሰላም መንገድ ይህን የገዛ ሰው ገንዘቡን ባለቦታው ላይ አላዋለም።

ሁለተኛው በሁለት ብሎን የሚታሰር ትንሽ የብረት ክሊት ያለው ነው። ክሊቱ በጫማው የጎማ ሶል መካከል ጠልቆ ስለሚቀመጥ ጋላቢው እንደማንኛውም መንገደኛ መራመድ ይችላል። ይህን መንገድ በስፋት የከፈተው የጃፓኑ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1990 ለተራራ ብስክሌት ያወጣው «ኤስፒዲ» የሚባለው ነው። ለፒስታ መንገድ የሚመረጠው ከዚህ ወገን መሆኑ ብዙ አያከራክርም። ክርክሩ ያለው ከሁለት ብሎኖቹ የትኛው አምራች ይሻላል በሚለው ላይ ነው።

ጭቃ ወይስ መለዋወጫ?

ከኤስፒዲ ጋር በአብዛኛው የሚወዳደሩት የአሜሪካው ክራንክ ብራዘርስ እና የፈረንሳዩ ታይም ናቸው። ክራንክ ብራዘርስ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው «ኤግቢተር»፣ ስሙ እንደሚለው የእንቁላል መምቻ ይመስላል። አራት አፍ ስላለው በየትኛውም ጎን ይቆልፋል፣ ሰውነቱ ክፍት ስለሆነም ጭቃ አይዝም። ታይምም ጭቃን በመቋቋም በኩል ጥሩ ስም አለው። ኤስፒዲ ደግሞ ሞላው ውስጥ የሚጣበቅ ጭቃ ሲገባበት አልቆልፍ ሊል ይችላል።

የጃማንና የወረኢሉን የዋልካ መሬት በክረምት የረገጠ ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ዋልካ ውኃ ሲጠግብ ከጎማ፣ ከፍሬንና ከጫማ ጋር ተጣብቆ ብስክሌትን የተሸከሙት ያህል ያደርጋል። በውጭም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ካንሳስ በተደረገው የአንባውንድ ውድድር ብዙ ተወዳዳሪዎች ገና በመጀመሪያው ክፍል ላይ በጭቃ ተይዘው ብስክሌታቸውን ተሸክመው ለመሄድ ተገደዋል። ስለዚህ ጭቃን ብቻ የሚመለከት ገዢ ወደ ኤግቢተር ቢያዘነብል አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ ሌላ ጎን አለው። የኤስፒዲ ክሊት ብረት ሲሆን የክራንክ ብራዘርስና የታይም ክሊት በአብዛኛው ከነሐስ የሚሠራ ነው። ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ በድንጋይ ላይ ሲራመዱበት ፈጥኖ ይበላል፣ ፈጥኖም መተካት ይኖርበታል። እያንዳንዱ አምራች የራሱ ክሊት ስላለው አንዱ ለሌላው አይሆንም። ክሊቱ ያለቀበት ጋላቢ ፔዳሉ አዲስ ቢሆንም ቆሞ ይቀራል። የኤግቢተር ኩሽኔታና ማኅተምም ከኤስፒዲው ይልቅ በየጊዜው መፈታትና መታደስ ይፈልጋል።

ለንግዱ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የማተሚያ ማሽን የገዛ ቀለሙን ከማን እንደሚገዛ አስቀድሞ ይጠይቃል። ፔዳልም እንዲሁ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የተሸጠው፣ ብዙ ጫማ ሻጭና ብዙ ሌላ አምራች የሚከተለው ሁለት ብሎን ኤስፒዲ ነው። የታይዋኑ ዌልጎን የመሳሰሉ ኩባንያዎችም በዚሁ አሠራር የሚሠሩ ረከስ ያሉ ፔዳሎችን ያቀርባሉ። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ በቀላሉ ይሸጣል፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድም ስሙን ሰምቶ አይሳሳትም። በጭቃ የሚያጣውን ብልጫ በመለዋወጫ ይመልሰዋል። ክረምቱ ሲያልፍ ዋልካውም ይደርቃል፣ የመለዋወጫ እጥረት ግን በጋና ክረምት አይለይም። መካነ ሰላም ላይ ሆኖ ክሊት የጠፋበት ሰው ደሴ ድረስ ሄዶም ላያገኝ ይችላል።

የምንዛሪው ስሌት

መለዋወጫን ከፔዳሉ በፊት ማስላት የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በውጭ 50 ዶላር የሚሸጥ ዕቃ በቀድሞው ተመን 2 ሺህ 850 ብር ያህል ሲሆን፣ በ100 ብር ቢሰላ 5 ሺህ ብር ይሆናል። ይህም ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመርበት ነው። ክሊቱ ቶሎ የሚያልቅ ፔዳል የገዛ ሰው በየምንዛሪው ጭማሪ ተጨማሪ ሒሳብ ይከፍላል።

ለክብደት ተብሎ የሚከፈለውም ገንዘብ መመርመር አለበት። ከሺማኖ ዕቃዎች ረከስ የሚለው ኤም520 ጥንዱ 380 ግራም ይመዝናል። ከእርሱ በላይ የሚሸጠው ኤክስቲ ኤም8100 ደግሞ 342 ግራም ነው። ልዩነቱ 38 ግራም፣ ከአንድ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አይበልጥም። ውዱ በኩሽኔታውና በአሠራሩ የተሻለ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የዋጋው ልዩነት ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ክሊት የሚገዛ ከሆነ፣ ለሩቅ መንገድ የሚጠቅመው ክሊቱ ነው።

ጫማው

ለአስፋልት ውድድር ጠንካራው የካርቦን ሶል ይመረጣል። በፒስታ ላይ ግን በጣም የደረቀ ሶል ብስክሌት እየገፉ ዳገት ለመውጣት አይመችም፣ በድንጋይ ላይም ያንሸራትታል። ለመካነ ሰላም ዓይነት መንገድ የሚስማማው ከመሐሉ ጠንከር፣ ከጣቱ በኩል ግን ጥቂት የሚታጠፍና ጥርስ ያለው የጎማ ሶል የለበሰ ነው። ሻጩ ጫማውን ሲያቀርብ ገዢው ገልብጦ ሶሉን ይይ። ጎማው በማጣበቂያ ብቻ የተያዘ ከሆነ በፀሐይና በውኃ ብዛት ሊላቀቅ ይችላል። የተሰፋ ወይም ወፍራም ጎማ ያለው ከሆነ ግን ማንኛውም የሠለጠነ ጫማ ሰፊ ሊጠግነው ይችላል።

የማሰሪያው ነገርም እንደዚሁ ነው። በቀጭን ሽቦና በሚዞር እንክብል የሚጠብቀው ማሰሪያ ለእጅ ይመቻል፣ ከተሰበረ ግን መለዋወጫው የአምራቹ ብቻ ነው። የጫማ ክር በየሱቁ ይገኛል። የሚለጠፈው ማሰሪያ ደግሞ በጭቃና በአቧራ ሲሞላ መያዙን ይቀንሳል፣ ጫማ ሰፊ ግን በአዲስ ይቀይረዋል። በተጨማሪም እግር ከሰዓት በኋላ ጥቂት ስለሚያብጥ ጫማ ከሰዓት በኋላ ይለካ። ለጉጉፍቱ ዓይነት ብርድ ወፍራም ካልሲ የሚያስገባ ቦታ ይቀመጥለት። በውጭ አገር ቁጥር ብቻ ተማምኖ ሳይለኩ ማዘዝ ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው፤ ስፋቱ ከአምራች አምራች ይለያያልና።

በልባሽ ገበያ የሚገኝ የብስክሌት ጫማም አይናቅም። ሆኖም ከመግዛት በፊት ሦስት ነገር ይታያል። የብሎን ቀዳዳው ሁለት ነው ወይስ ሦስት? በውስጡ ያለው ብሎን የሚገባበት ብረት ጥርሱ አልተበላም? ሶሉ በእጅ ሲታጠፍ ተሰንጥቆ ድምፅ አይሰጥም? ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢረክስ አያዋጣም።

ሲታሰር

ፔዳል በቀላሉ የሚገጠም ይመስላል። ነገር ግን የግራው ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው። በተለመደው አቅጣጫ አጥብቆ የሚያስገድድ ሰው ፔዳሉ የሚታሰርበትን የአሉሚኒየም ክንድ ጥርስ ያበላሻል፣ የዚህም ጥፋት ከፔዳሉ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የአብዛኛው የአዋቂ ብስክሌት ፔዳል መጠን 9/16 ኢንች ሲሆን፣ አንዳንድ የልጆችና ረከስ ያሉ ብስክሌቶች ግን ግማሽ ኢንች ይጠቀማሉ። ስለዚህ ሳይለኩ መግዛት አይገባም። ጥርሱን ግሪስ መቀባትም ከጊዜ በኋላ ተጣብቆ እንዳይቀር ይረዳል።

ክሊቱ በእግር ጣቶች ሥር ካለው ሰፊ አጥንት ትክክል ወይም ጥቂት ወደ ኋላ ይታሰራል። ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ያለልክ ከዞረ በረጅም መንገድ ጉልበትን ያሳምማል። ብሎኖቹ የሚጠብቁት በ4 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ፣ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ድረስ ነው። የኤስፒዲ ሞላ በ3 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ይላላል፣ ይጠብቃል። ጀማሪ እጅግ በጣም አላልቶ ይጀምር። ከሺማኖ ክሊቶች መካከልም «ኤስኤች51» በጎን ብቻ የሚለቅ ሲሆን፣ «ኤስኤች56» በብዙ አቅጣጫ ስለሚለቅ ለጀማሪ ይመቻል። ግድግዳ ተደግፎ እየቆለፉና እየፈቱ መለማመድ፣ አህያና ከብት በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ተቆልፎ ከመውደቅ ያድናል። የብሎኑን ራስ ጠጠርና ጭቃ እንዳይደፍነው ጥቂት የቀለጠ ሻማ ጠብ ማድረግ ቁልፉን ለማስገባት ይጠቅማል።

ለነጋዴውና ለገንዘብ አውጪው

ይህ ሁሉ ለገበያው ምን ያስተምራል? ፔዳል ብቻ አስመጥቶ ክሊት የማያስመጣ ነጋዴ ደንበኛውን አንድ ጊዜ ያገኘዋል እንጂ አይመልሰውም። ክሊት፣ ብሎንና የጫማ ክር ትንንሽ ቢሆኑም ደጋግመው የሚሸጡ፣ ቦታ የማይፈጁና ሞድ የማያልፍባቸው ዕቃዎች ናቸው። በዋናነት አንድ የታወቀ ዓይነት መርጦ ሙሉ መለዋወጫውን ማስቀመጥ፣ አምስት ዓይነት ፔዳል ያለ መለዋወጫ ከመደርደር ይሻላል። የአምራቹ ስም ብቻ ያለበት ፎርጅድ ዕቃም አለ። ሞላው ደካማ ከሆነ እግር በድንገት ይለቃል፣ ወይም አልለቅም ይላል፣ ይህም ሰው ይጎዳል።

ብስክሌት አከራይቶ ጎብኚ ለማስተናገድ የሚያስብም ስሌቱ የተለየ ነው። ሁሉንም ብስክሌት በሚቆለፍ ፔዳል መግጠም አያስፈልግም። በተራ ጫማ የሚነዳው ሰፊው ጠፍጣፋ ፔዳል ለብዙው ደንበኛ በቂ ነው፣ ዋጋውም አነስተኛ ነው። ከውጭ የሚመጣው ጋላቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ጫማና ፔዳል ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ጥቂት ጥንድ ኤስፒዲ፣ ወይም በአንድ ወገኑ ጠፍጣፋ በሌላው የሚቆልፍ ፔዳል ማስቀመጥ ይበቃል። ለአካባቢው ወጣትም ከዚህ ሥራ ድርሻ አለ። ጎሚስታ ቤትና ጫማ ሰፊ በቀላል ሥልጠና ይህን ጥገና መያዝ ይችላሉ።

በስሌቱ ውስጥ የማይዘለል ሌላ ሒሳብ አለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት የጎብኚውን እንቅስቃሴ ክፉኛ ጎድቶታል። ወደ ደቡብ ወሎ ደጋ ገንዘብ የሚያሰማራ ሰው ከመንገዱ በፊት ፀጥታውን ይጠይቅ። ዛሬ የሚገዛ ፔዳልና ጫማ ከከተማ አካባቢ ፒስታዎች ላይ ተፈትኖ ለዚያ ቀን ቢቆይ ግን አያከስርም።

የገበያው ምክር ባጭሩ የሚከተለው ነው። ለኮረኮንችና ለዳገት ሁለት ብሎን፣ ለክሊቱ በቀላሉ የሚገኘው የተለመደው ዓይነት፣ ለጫማው የሚሄዱበትና የሚጠገን። ከፔዳሉ ጋር በካርቶኑ ውስጥ ከመጣው ሌላ አንድ ጥንድ ክሊትና አራት ብሎን በመጠባበቂያነት መግዛት ደግሞ ከግዢው ዝርዝር መውጣት የሌለበት ነገር ነው። እነዚህን ሳይዝ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የወጣ ሰው ክሊቱ ቢነቀል ቀሪውን ዳገት በእግሩ ይገፋዋል።